የተቆረጠ ሳቅ

መምህር ሙሉጌታ አሶሳ ውስጥ ቻይንኛ አዋቂ ተብሎ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ቻይንኛ ግን አያውቅም ነበር። አንድ መጽሐፍና የሦስት ወር ሥልጠና ነበረው፤ በዚያ ላይ ዜና አንብብ ቢሉት ቤቱን ሁሉ ጸጥ የሚያሰኝ ወፍራም ድምፅ ነበረው። ይህ በቂ ሆነለት። ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ አዲስ አስፋልት፣ አዲስ ዩኒቨርሲቲ፣ በየጥጉ አዲስ ቢሮ። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ሰው አፉን ሞልቶ እኔ ይህን አውቃለሁ ካለ ያውቃል ማለት ነው። መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎችም ከካምፓቸው የሚወጡት በሳምንት አንድ ቀን ዶሮና ሽንኩርት ሊገዙ ስለነበር፣ ሄዶ ያመሳከረ አልተገኘም።

ትምህርቱን ያቋቋመው ገቢሳ የሚባል የባምባሲ ነጋዴ ልጅ ነው። በ2007 ዓ.ም. በቻይና ድርጅቶች በር ላይ ሥራ ፍለጋ የሚሰለፈውን ወጣት አየና በኢንተርኔት የሚሰጥ የቻይንኛ ትምህርት ከፈተ። ስልሳ የድምፅ ትምህርቶች፣ እያንዳንዳቸው ሩብ ሰዓት፤ አንድ አስተማሪና አንዲት ተማሪ። ተማሪዋ ትሳሳታለች፣ አስተማሪው ያርማታል፣ ሰሚው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ከእሷ ጋር ይማራል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አስተማሪው መምህር ሙሉጌታ፣ ተማሪዋ ሂባ ነበረች።

ሂባ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ኸድራ የኩርሙክን መንገድ በሚሠሩት ቻይናዎች ካምፕ ልብስ ታጥብ ነበር። ሂባ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያው ወጥ ቤት በር ላይ እየተቀመጠች፣ ከወጥ ሠሪው ጋር ስትጨቃጨቅ ነው ቻይንኛውን ያፈሰችው። ቤታቸው የሚነገረው በርታኛ ነው፤ አማርኛ የትምህርት ቤትና የቢሮ ጉዳይ ነበር። ጣጣው ከዚህ መጣ። ማይክሮፎን ፊት ሲቀመጡ ተማሪዋ ቻይንኛውን ቀጥ አድርጋ ትናገረዋለች፣ አስተማሪው የሚያርመው ያጣል። የሚያርመው ያጣ አስተማሪ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። መምህር ሙሉጌታ አማርኛዋን ማረም ጀመረ።

«‹አንተ› የምትዪው ማንን ነው? እኩያሽ ነኝ?» ይላል አሥራ አራተኛው ትምህርት ላይ። ከዚያ ይስቃል። ከሆዱ የሚነሳ፣ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ሳል የሚያቋርጠው ሳቅ ነው። «አማርኛውን ሳትጨርሺ ቻይና ልትገቢ?» ይላል ሃያኛው ላይ፤ ይስቃል። ሰሚው ወደደው። ከየአገሩ መልእክት ጎረፈ፤ ግማሹ ስለ ቻይንኛው አንድ ቃል አይጠይቅም፣ ልጅቷ በብዛት ትናገር ነው የሚለው። ገቢሳ ሳቁ እንዳይቆረጥ አዘዘ።

ሂባ ይህን ትችለው ነበር። እውነቱን ለመናገር ስሟ በየስልኩ ሲዞር ደስ ሁሉ ብሏት ነበር፤ ልጅ ናት። ያልቻለችው ሠላሳ አንደኛውን ትምህርት ነው።

የዚያን ቀን ቀረጻው ረዘመ። የምሳ ሰዓት ሲያልፍ ኸድራ ልጇን ፍለጋ መጣችና ሳታንኳኳ ገባች። ልጇና አንድ ትልቅ ሰው ግድግዳው በፍራሽ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ለትልቅ ሰው በአማርኛ መናገር እንደሚገባ ታውቃለችና ያላትን ሰብስባ አወጣች።

«ሂባ ምሳ አልበላም» አለች። «አስተማሪ፣ አንተ ልቀቅ። ሂባ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይመለሳል።»

መምህር ሙሉጌታ ማይክሮፎኑን አላጠፋም። «የወለዱት ወንድ ነው እንዴ እናቴ?» አለ። «በሉ ተማሪዎች፣ እኚህን ደግሞ ማን ያርምልን?» ከዚያ ሳቀ። ኸድራም ሳቀች። በምን እንደተሳቀ አልገባትም፤ ትልቅ ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅ ደግ ነው ብላ ነው። ሁለቱም ሳቆች ተቀረጹ፤ በሳምንቱም አገር ሰማቸው።

ነገሩ የገባት ከአራት ወር በኋላ ወደ ገበያ በምትሄድበት ባጃጅ ውስጥ ነው። ሹፌሩ ትምህርቱን በድምፅ ማጉያ ለቆ «ሂባ ይመጣል፣ ይበላል» እያለ ይንከተከታል። ኸድራ የራሷን ድምፅ ለየች። ሹፌሩን በትከሻው ነክታ አስቆመችውና ቀሪውን መንገድ በእግሯ ሄደች። ከዚያን ቀን ወዲያ አንድ የአማርኛ ቃል ከአፏ አልወጣም። ገበያ ውስጥ በጣቷ ታሳያለች። ጤና ጣቢያ የሚያስተረጉምላት ካጣች ሕመሟን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የማያውቋት ነጋዴዎች ድዳ ናት ይሏታል፤ እሷም ሰምታ ዝም ትላለች።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ሂባ አዲስ አበባ ተማረች፣ ለቻይና መሐንዲሶች አስተረጎመች፣ ተመልሳ መጣች። አማርኛዋ አሁን እንከን ቢፈልጉለት የማይገኝለት ሆኗል፤ ቢሮ ስትገባ ጸሐፊዎቹ ከየት አገር ተመድባ መጣች ብለው ይጠያየቃሉ። ገቢሳ አስጠራት። ትምህርቱ አርጅቶበታል። ስልሳውንም ጨርሰው ሥራ የገቡ ልጆች እየደወሉ ይወቅሱታል፤ የተማሩትን ቻይንኛ አንድም ቻይናዊ አይረዳላቸውም።

«ሁሉንም አዳምጪው» አላት። «የሚድነውን አድኚ፣ የማይድነውን እንደ አዲስ እንቅረጽ። መምህሩን በተመለከተ እኔ እጄን አላስገባም፤ ሕዝብ ድምፁን ለምዶታል። ይሁን ካልሽ ይቆያል፣ አይሁን ካልሽ ይቀራል።»

«ውሳኔው በሙሉ የኔ ነው?»

«በሙሉ። ቶሌ?»

«ቶሌ» አለች፣ እሺ ስትለው በሱ ኦሮምኛ።

መጀመሪያ ያደረገችው ሠላሳ አንደኛውን ትምህርት ማጥፋት ነው። ትልቅ እፎይታ ትጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። በማግስቱ ከቢሮ ስትወጣ አውቶቡስ ተራው አጠገብ አንድ ካርድ ሻጭ ስልኩን ከፍቶ ያዳምጣል፤ የእናቷ ድምፅ ነው። ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ዘጠኝ ዓመት የከረመ ነገር ከአንድ ኮምፒውተር ስለተደመሰሰ አይጠፋም። ሂባ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው። የቆረጠችው እዚያ ቆማ ነው፤ ነገሩ የማይጠፋ ከሆነ መምህሩም ይሳቅበት። በዚህችው ከተማ፣ በነዚሁ ባጃጆች፣ እናቷ በተሳቀባት ልክ። ሌላ ምንም አትፈልግም ነበር።

መምህር ሙሉጌታ ሳይጠራ መጣ። ጡረታ ወጥቷል፣ ፀጉሩ ነጥቷል፣ ልጅ አልወለደም። ሚስቱ አስረሳሽ ለጉሮሮው ብላ ተልባ በፔርሙዝ አስይዛ ልካዋለች። ከተማው አሁንም «ላውሽ» እያለ ነው የሚጠራው፤ በቻይንኛ መምህር ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት አስተምሮ የተረፈው ይኸው ስም ነው። እንዳይወሰድበት እንደሚፈራ ፊቱ ላይ ይነበባል።

«ሂባ፣ ልጄ፣ አደግሽ አይደል?» አለ። ሊስቅ ሞክሮ ተወው። «ትምህርቱን የምታድሰው እሷ ናት ሲሉኝ ጊዜ ... እኔንም ከአሮጌው ጋር እንዳትጥዪኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እርስዎን ማን ይጥላል መምህር?» አለች። ድምፅዋ ማር ነበር። «ስልሳውንም ከእርስዎ ጋር እንደገና እንቀርጻለን። ድምፅዎ ይቆያል፤ ቃሌ ነው።»

ሰውየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጉልበቷን ሊስም ምንም አልቀረው። ሂባ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች፤ እንዲህ ቀላል ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር።

ክፍሉ ያው የድሮው ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ፍራሽ፤ ማራገቢያው ስለሚጮህ ቀረጻ ላይ ይጠፋል። ወሩ ሚያዝያ ነው፣ የአሶሳ ሚያዝያ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር። ከጣሪያው በላይ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። የበሰለው ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ቀረጻው ይበላሻል፤ ስለዚህ እዚያ ቤት የቆየ ደንብ አለ፦ ማዳመጫ ያጠለቀው ሰው እጁን ካነሳ ተናጋሪው ያቆማል፣ ከመጀመሪያውም ይጀምራል። የፊተኛው ድምፅ ቀራጭ ጁምዓ በቀን አራቴም አምስቴም ያነሳ ነበር። ጁምዓ ወደ ድባጤ ተዛውሯል፤ ማዳመጫውን ያጠለቀችው ሂባ ናት፣ የምትሰማውን የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት።

እጇን ታነሳለች። «ማንጎ» ትላለች። ማንጎ አልወደቀም። እሱ እንደገና ይጀምራል። «ባጃጅ አለፈ» ትላለች። እንደገና። «መብራቱ ዋለለ።» እንደገና። አሥረኛው ላይ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፤ ምላሱ ይተሳሰራል፤ የጀመረውን ረስቶ መሀል ላይ ይደነቃቀፋል። ያን ጊዜ እጇን አታነሳም። የምትወስደው ያንን ነው።

«ይሄኛው ደህና ነበር?» ይላታል።

«በጣም ደህና ነበር።»

አንድ ነገር ግን አልቻለችም። መጥፎ ቻይንኛ ስትሰማ ዝም ማለት አይሆንላትም፤ የሙያ ነገር ነው። የፈለገችውን የተበላሸ ንባብ ከወሰደች በኋላ ትክክለኛውን ቀስ ብላ ትነግረዋለች፣ እሱም በደብተር ይጽፈዋል። ቤቱ ሄዶ አስረሳሽን ፊቱ አስቀምጦ እንደሚለማመድ ሰምታለች። ይለማመድ አለች በልቧ፤ የሚያስፈልጋትን ወስዳለች።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲቱን ዐረፍተ ነገር ሠላሳ ሁለት ጊዜ አስባለችው። ሲጨርስ ፔርሙዙን ሊከፍት ሲታገል ተልባው ሱሪው ላይ ፈሰሰ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ አንቺ ማለቱን ተወ። እርስዎ በለኝ ያለው ሰው የለም፤ በገዛ ፈቃዱ ነው። የሂባ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

እሱ ከሄደ በኋላ የራሷን ድምፅ ትቀርጽ ነበር። «ተማሪ ሙሉጌታ፣ እንደገና እንሞክር?» ትላለች፣ በትዕግሥት፣ እናት ለልጇ እንደምትናገረው። ከዚያ የእሱን የተደነቃቀፈ ንባብ ታስገባለች፣ ከዚያ እርማቷን። የድሮው አሠራር አንድ ነገር አልተለወጠበትም፤ ተማሪው ይሳሳታል፣ አስተማሪዋ ታርማለች። የጎደለው ሳቅ ነበር። ልትስቅ ሞከረች፤ የምታስነጥስ ሆነባት። አንድ ሙሉ ጠዋት ሞክራ አልወጣላትም። በመጨረሻ አሮጌዎቹን ትምህርቶች ከፈተች፣ የመምህሩን ሳቅ ከአሥራ አራተኛውና ከሃያኛው ቆረጠች፣ ከራሱ ስህተት ኋላ ለጠፈችው። ልክክ አለ። ሰውየው አፉ ሲተሳሰር ያው ሰውዬ ከጎኑ ሆኖ ይንከተከትበታል።

ከሁሉም የሚረዝመው፣ የሚያምረው ሳቅ ግን ሠላሳ አንደኛው ላይ ያለው ነው። አጥፍታዋለች። ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ስልክ አስላከችው። እናቷ አብራ ስለሳቀች ሁለቱ ድምፆች ተደራርበዋል፤ ሂባ ተቀምጣ የእናቷን ሳቅ ቀስ እያለች ከሥሩ ላጠችው። ጥቂት ቀርቷል። ያንን ጥቂት ከኔ በቀር የሚሰማው የለም አለችና ተወችው።

ገቢሳ የመጀመሪያዎቹን አምስት ትምህርቶች አዳመጠ። መጀመሪያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፣ ቀጥሎ ራሱን አከከ።

«ሰውየው ያውቃል?» አላት።

«የለመነኝ ድምፁ እንዲቆይ ነው። ቆይቷል።»

«ሂባ ...»

«ውሳኔው በሙሉ የኔ ነው አላልከኝም?»

ገቢሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥሩ ነገር እጁ ሲገባ መመለስ የማይችል ሰው ነው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ለቀቀው።

በሳምንቱ ከተማው በሙሉ ሰማው። በሁለተኛው ሳምንት ባምባሲም ሆሞሻም ደረሰ። ሂባ በባጃጅ ወደ ቢሮ ስትሄድ መምህር ሙሉጌታን አየችው፤ ጃንጥላውን ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ አንገቱን አወጣ። «ተማሪ ሙሉጌታ! እንደገና እንሞክር?» አለው። መምህሩ ሰላምታ መስሎት እጁን አነሳ። እንዴት እንደተለቀቀ ገና አልሰማም ነበር፤ ስልኩ ያን ያህል የሚችል አይደለም። ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገው። መምህር ሙሉጌታ የራሱን ድምፅ ሰማ፣ ሲደነቃቀፍ ሰማ፣ ከዚያ ራሱ ሲስቅ ሰማ። እጁን ማውረዱን ረሳው። በመንገዱ ዳር የነበሩት ሁሉ አዩት፣ ሳቁም። ሂባ ከኋላ ወንበር ሆና አየችው፤ ደስ አላት፤ ምንም የሚያስተባብል የለም፣ ደስ አላት።

ያንን ደስታ ይዛ በቀጥታ ወደ እናቷ ሄደች። ኸድራ ደጅ ተቀምጣ ባሚያ ትከትፋለች። ሂባ አጠገቧ ቁጭ ብላ በበርታኛ፦ «እማ፣ አንድ ነገር ላሰማሽ» አለቻትና ስልኩን ከፈተች። የመረጠችላት ረጅሙ ሳቅ ያለበትን ነው። ለእናቷ የሚገባት እሱ ነው ብላ።

ኸድራ ሰማች። የሰውየውን መንተባተብ ስትሰማ ፊቷ አልተለወጠም። ሳቁ ሲመጣ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ከሳቁ ሥር ያንን ጥቂት፣ ሂባ የተወችውን የራሷን ሳቅ፣ ወዲያው ለየችው። የተከናነበችውን የቶቧን ጫፍ ስባ አፏን ሸፈነች፤ ዓይኗን ልጇ ላይ አደረገች።

«አሁንም?» አለች። «አሁን ደግሞ አንቺ?»

«አይደለም እማ፣ በእሱ ነው የሚሳቀው። በእሱ ነው፣ ስሚው እስቲ ...»

ኸድራ ግን ተነስታ ገባች፣ በሩንም ዘጋች። ሂባ በሩ ላይ ሆና ሁሉንም አስረዳች፣ ሁለት ጊዜ፣ በበርታኛ። ከውስጥ መልስ አልመጣም። ማታም አልመጣም፣ በማግስቱም አልመጣም። ኸድራ አማርኛን ከተወች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አሁን ለልጇ በርታኛውንም ተወችው። ሂባ ጥፋቱን ወስዳ የምትጭንበት ሰው ፈለገች። ከዚህ በፊት ሁልጊዜ መምህር ሙሉጌታ ነበረላት፤ አሁን እሱ ላይ ልትጭን ስትል እጁን አንስቶ መንገድ ዳር ቆሞ ይታያታል። አፈረች። ማፈሯን ማንም አላወቀላትም።

ገቢሳ በዚያው ሰሞን እየሮጠ መጣ። ሰሚው በሦስት እጥፍ ጨምሯል፤ ሽማግሌው ተማሪ ይቀጥል ተብሏል፤ አርባ ትምህርት ይጨመር። ሂባ ሰውየው ከቤቱ መውጣት ካቆመ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው ነገረችው፤ ሌላ ተማሪ እንፈልግ አለችው። እየተነጋገሩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። መምህር ሙሉጌታ ነው፣ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ፔርሙዙን ይዟል።

ገቢሳ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ሾልኮ ወጣ።

«ይቀጥላል ብለው ሲያወሩ ሰማሁ» አለ መምህሩ። «አርባ ነው አይደል?»

«መምህር፣ የተለቀቀውን አልሰሙትም?»

«ሰማሁት። የጎረቤት ልጅ ስልኳን አውሳኝ ስልሳውንም ሰማሁት።» ወንበሩን ስቦ የድሮ ቦታው ላይ ተቀመጠ። «በፊት ቤት ዘግቼ ነበር። እንዲህ ከሚሉኝ ብሞት ይሻላል ብዬ ነበር። ግን ቤት ስቀመጥ ማንም አይጠራኝም። ስወጣ ተማሪ ሙሉጌታ ይሉኛል። ላውሽ ይሻል ነበር፣ እሱስ። ግን ያው ይጠሩኛል።»

ሂባ ልትሰደብ ተዘጋጅታ ነበር፤ ለስድብ መልስ ነበራት። ማዳመጫውን አንስታ አጠለቀች፣ ሌላ ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች ነው። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሰጠችው።

ተናገረው። አንድም አልተሳሳተም፤ ካምፑ ውስጥ ያደገ ሰው ይመስላል።

እጇን አነሳች። እንደገና አለው፣ ይብሱን አሳመረው። ሁለተኛውን ሰጠችው፤ ቀጥ አድርጎ ተወጣው። አራተኛውንም እንዲሁ። ከሚያዝያ ጀምሮ ያረመችው ሁሉ፣ አስረሳሽ ፊት የተለማመደው ሁሉ፣ ምላሱ ላይ ተቀምጧል። ቻይንኛ አዋቂ ተብሎ የኖረው ሰው በስልሳ አምስት ዓመቱ ቻይንኛ ማወቅ ጀምሯል።

መምህሩ ፊቷን አየ። የማይሳሳት ተማሪ እንደማይፈለግ ገባው፤ ሥራውን እሱ ራሱ ነው የጀመረው። ደነገጠ። ጉልበቱ ላይ የነበረውን ደብተር ገልጦ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «በደንብ ስላስጠኑኝ ነው። የምሳሳተውን አስቀድመው ቢነግሩኝ እለማመደዋለሁ።»

ሂባ ይብቃን ልትለው አፏን ከፈተች። ብትለው የሚሄደው ወደዚያ ማንም ወደማይጠራው ቤት ነው፤ ብትተወው ደግሞ ከነገ ጀምሮ ባጃጅ ለባጃጅ ይዞራል። አንዱን ከሌላው ማስበለጥ አቃታት። አዝናለታለች፣ ይህ እውነት ነው። ደስታዋም ሙሉ በሙሉ አላለቀም ነበር፣ ይህም እውነት ነው።

ዐረፍተ ነገሩን አበላሽታ አለችለት፣ እሱ ድሮ ይለው እንደነበረው።

መምህር ሙሉጌታ ጻፈው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንዴ ለራሱ አለው፣ ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብሎ ተናገረ። አንዴ ብቻ ሰምቶ ስህተቱን ልቅም አድርጎ ይዞታል፤ ማረም አላስፈለጋትም።